በበዓለ ሃምሳ የጾምነው ጾም

ትልቁ ልጄ ዳዊትና ሚስቱ ሰሞኑን ዱባይ ናቸው። ዳዊት ጉባ፣ ግድቡ ላይ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ስለሆነ ዓመቱን ሙሉ ትዳሩን የሚመራው በስልክ ነው፤ እናም የጋብቻቸውን በዓል ምክንያት አድርገው "እስቲ ለአንድ ሳምንት እንኳ ባልና ሚስት እንምሰል" ብለው ሁለቱን ልጆቻቸውን እኔ ላይ ጥለው በረሩ። ጥለው ማለቴ ለጨዋታ ነው። ምራቴ ጠዋት ማታ በቪዲዮ ትደውላለች። "እማዬ፣ ደህና ናቸው?" ትላለች። "ደህና ናቸው" እላለሁ። "እስቲ አሳዪኝ" ትላለች። እኔም ስልኩን እንደ ፋኖስ ከፍ አድርጌ ግቢውን እዞራለሁ፤ ልጁ ማንጎ ላይ ወጥቷል፣ ልጅቷ ከዶሮ ጋር ትጣላለች፤ ታያቸዋለች፣ ትስቃለች፣ ትዘጋለች። ትናንት ግን ኔትወርኩ ደካማ ስለነበር የተገናኘነው በድምፅ ብቻ ነው። ልጅቷን ሲያስመልሳት ነበር ያደረው፤ ማንጎ ነው፣ ያልፋል ብዬ ይህን አልነገርኳትም። "ሁለቱም ደህና ናቸው፣ ምንም አታስቢ" አልኳት። "እማዬ፣ ዳዊት ይሙት በይ" አለችኝ። ማልኩላት፤ ልጅቷ በዚያች ሰዓት ተነስታ ዳቦ እየበላች ስለነበር ውሸት አይባልም። ስልኩን ዘግቼ በረንዳው ላይ ተቀመጥኩና ሳላስበው ወደ ኋላ ሄድኩ። እኔም አንድ ጊዜ ልጆቼን ትቼ ከባሌ ጋር ውጭ አገር ሄጄ ነበር።

ውጭ አገር ስል እንዳትስቁብኝ። እኔ የሄድኩበት ውጭ አገር ዳማዚን ነው፣ ከድንበር ከተማዋ ከኩርሙክ ማዶ፣ ሱዳን። ያኔ ግን ዳማዚን ለእኛ ከዱባይ አያንስም ነበር። በምንኖርበት በአሶሳ ገበያ ላይ ደህና ዕቃ የሚባል ሁሉ የሚመጣው በዚያ በኩል ነው፤ ሽታው ቤት የሚሞላ ሳሙና፣ ወገቡ ቀጠን ያለ የሻይ ብርጭቆ፣ በቆርቆሮ የታሸገ ብስኩት፣ ቢተኙበትም የማይጨማደድ ጨርቅ። የአንድ ሳሙና ዋጋ አንድ ዶሮ ነበር፤ ማንጎ ግን ዋጋም አልነበረው፣ ዕቅፍ ሙሉ አንስተህ ብትሄድ የሚጠራህ የለም። ወደ ገበያው ሲወረድ በስተግራ፣ አንድ ትልቅ ማንጎ ሥር፣ በቀርከሃ የተሠራ ሻይ ቤት ነበር፤ ዛሬ ባለ መስታወት የስልክ ሱቅ ቆሞበታል። እዚያ ሻይ ቤት ቴፑ ከጠዋት እስከ ማታ የሱዳን ዘፈን ያንቆረቁር ነበር። እኛ ከደጋ የመጣነው ቃሉን ስለማናውቅ ትርጉሙን እየፈጠርን አብረን እንዘፍናለን። ባሌ ታደሰ በተለይ አንዱን ዘፈን "ይሄ ስላንቺ ነው" ይለኝ ነበር። ጎረቤቴ ሐዋ በኋላ ስለ ግመል መሆኑን ነገረችኝ።

ታደሰ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ከጎጃም ተመድቦ የመጣ የትምህርት ጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ነበር። የተጋባን ሰሞን ምደባው ስለወጣ ጫጉላችንን ያሳለፍነው በጭነት መኪና ላይ፣ ከእህል ጆንያ ጋር እየተንገጫገጭን ነው። እሱ ይህን አልረሳውም። በተጣላን ቁጥር "አንድ ቀን ውጭ አገር ወስጄ እክስሻለሁ" ይለኛል፤ እኔም "እዚሁ አጠገባችን ባምባሲም ቢሆን ይበቃኛል" እለዋለሁ። ከዚያ ኡስማን የሚባል የዳማዚን ነጋዴ ወዳጅ ሆነን። ጨርቅና ሻይ ቅጠል ይዞ ሲመጣ ዕቃውን የሚያሳድረው እኛ ጓዳ ነበር፤ ሽሮና ምስር አብሮን ይበላል፣ ልጆቹን ብስኩት ያስለምዳል። ታደሰን መምህር እያለ ይጠራዋል። "አንተ መምህር፣ የኔ ቤት ያንተ ቤት። ሙሽራ ይዘህ ና። ካልመጣህ ወላሂ እቀየማለሁ" ይለው ነበር። አንድ ዓመት ታደሰ የዓመት ፈቃዱን ወሰደና እውነትም እንሂድ አለ።

ልጆቹ ሦስት ነበሩ፤ ዳዊት፣ ሰናይት፣ እና ሁለት ዓመት ያልሞላት ምሕረት። ትልልቆቹ እኛ እስክንወጣ ቸኩለው ነበር። ያስጨነቀችኝ ምሕረት ናት። ገና ጡት ላስጥላት እየታገልኩ ነበርና ታደሰ "እንዲያውም ጡት ለማስጣል ይረዳሻል" አለኝ፤ ወንድ መከራከሪያ አያጣም። ሐዋ የአጥር ጎረቤታችን ናት፣ የበርታ ብሔረሰብ ሰው። ባሏ ወርቅ ፍለጋ ከወንዝ ወንዝ ስለሚዞር አብዛኛውን ጊዜ ብቻዋን ነበረች። አንድ ልጅ ብቻ ነበራት፣ ሙሳ፣ የምሕረት እኩያ። እኔ ገበያ ስሄድ እሷ፣ እሷ ውሃ ስትወርድ እኔ፣ ሁለቱንም ልጆች እያጠባን ነው ያሳደግናቸው፤ ሙሳም ምሕረትም የየትኛዋ ቤት ልጅ እንደሆኑ በደንብ የገባቸው አይመስለኝም ነበር። ሐዋ በአማርኛ ስትናገር ሴትና ወንድ አትለይም፣ እኔንም አንተ ነው የምትለኝ። ስለ ምሕረት እየፈራሁ ሳወራት ሙሳን በአንድ እጇ አቅፋ አጥሩ ላይ ቆማ ሰማችኝና "ኡም ዳዊት፣ አንተ ሂድ" አለችኝ፣ የዳዊት እናት ማለቷ ነው። "ልጅ እኔ ጋ ይቀመጣል። ምሕረት ከሙሳ ጋር ይበላል፣ ከሙሳ ጋር ይተኛል። አንተ ለምን ያለቅሳል?"

ፋሲካ ካለፈ ብዙም ሳይቆይ ተነሳን። እኔ ባለ አበባ ቀሚስ፣ ታደሰ በደንብ የተተኮሰ ካኪ ሱሪ ለብሰን ኩርሙክ ደረስንና አንድ ደረቅ ወንዝ በእግራችን ተሻግረን ውጭ አገር ገባን። እኔ አንዳች የሚለወጥ ነገር ጠብቄ ነበር፤ አፈሩም ያው፣ ሰዉም ያው፣ ፍየሉም ያው። ከዚያ በኡስማን ወዳጅ ሎሪ ላይ ወጣን። ከኩርሙክ ወዲያ ሜዳው ዓይን እስኪታክት ጥቁር አፈር ነው፣ ተሰነጣጥቆ ደርቋል። ሹፌሩ በጣቱ እያሳየን የሆነ ነገር ሲናገር ታደሰ በገበያ አረብኛው ተረጎመልኝ፤ ይህ መሬት ደህና ዝናብ ካገኘ ክረምቱ እስኪወጣ መኪና አያሳልፍም ነው የሚለው። ሰማዩ እንደ ብርጭቆ ጠርቶ ስለነበር ምንም አልመሰለኝም። ዳማዚን ስንደርስ የኡስማን ሚስት ነፊሳ በር ላይ ተቀብላ እኔን ወደ ውስጥ ይዛኝ ገባችና ብርቱካንማ ቶብ፣ ያን ሱዳኖች የሚጠቀለሉበትን ረጅም ጨርቅ፣ አለበሰችኝ። ታደሰ ሲያየኝ እንደ ልጅ አፈረ። በማግስቱ ወደ ሮዘሪስ ወሰዱንና አባይን አየነው፣ የኛኑ አባይ፣ ሰፊ ሆኖ፣ ዝም ብሎ ተኝቶ። "አየሽ፣ ከኛ ቀድሞ ደርሷል" አለኝ ታደሰ። ዳር ላይ ተቀምጠን ዓሣ በላን፣ ቴፕ ሰማን፤ ስለ ግመል የሚለው ዘፈን እንኳ ነበር። እውነቱን ለመናገር በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

አሁን የበጉን ነገር ልንገራችሁ። ገና ስንደርስ ግቢው ውስጥ አንድ ሰባ ያለ በግ ታስሮ አየን፣ ለማን እንደሆነ መጠየቅ አያስፈልግም። ያኔ እኛ ክርስቲያኖቹ ሙስሊም ያረደውን አንበላም፣ እነሱም የኛን አይበሉም። አሶሳ ውስጥ ይህ ማንንም አያስቀይምም፤ የሐዋ ዘመዶች ቤት ሰርግ ሲኖር ለኛ ሽሮ ለብቻ ይሠራል። ከኡስማን ጋር ግን ሥጋ የሚባል ነገር በመካከላችን ተነስቶ አያውቅም ነበርና ታደሰ ጨነቀው። በሰው አገር፣ በሰው ቤት፣ አንተ ያረድከውን አልበላም ብሎ እንዴት ይናገር? ከሮዘሪስ በተመለስን ማግስት ኡስማን ቢላዋ ሲያስመጣ፣ አሁን "ቢስሚላህ" ሊል ነው ብሎ የሰጋው ታደሰ ፈጠን ብሎ "ኡስማን ወንድሜ፣ ይቅርታ፣ ጾም ላይ ነን" አለ። እኔ ከጎኑ ቆሜ ደነገጥኩ። በበዓለ ሃምሳ! ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ረቡዕና ዓርብ እንኳ የማይጾምበት፣ ቄሱም የሚበላበት ወቅት ነው። "እስከ መቼ ነው ጾሙ?" አለ ኡስማን። ሎሪያችን የሚመለሰው ቅዳሜ ነበርና ታደሰ አስልቶ "እስከ እሑድ" አለው። በልቡ እኔ እሑድ አሶሳ ነኝ ማለቱ ነው።

ኡስማን ቢላዋውን አስቀመጠ። ፊቱ በራ። "ማሻአላህ" አለ። "እንግዲያ እሑድ ጾም ትፈታለህ፣ እኔ ቤት ትፈታለህ። ቅዳሜ መሄድ የለም። ለመጾም መጥቶ ሳይበላ የሄደ እንግዳ ተብሎ ይወራብኝ?" ታደሰ አንገራገረ፣ ሥራ አለኝ አለ፣ ፈቃዴ ያልቃል አለ። ኡስማን አልሰማውም። "ደግሞ አትጨነቅ" አለው፣ "የሚያርደው እኔ አይደለሁም። ገበያ ውስጥ ፀጉር አስተካካይ አለ፣ የናንተ አገር ሰው፣ መስቀል አንገቱ ላይ አለ። ዛሬም ጠርቼው ነበር፣ እየመጣ ነው፤ እሑድ ይምጣ እለዋለሁ።" ቢላዋውን ያስመጣው ለካ ለዚያ ሰውዬ ኖሯል። እኛ ልንነግረው ያፈርነውን እሱ ድሮ ያውቃል፣ አስቦበት ጨርሷል። ዝም ብለን ቢሆን ኖሮ በዚያው ቀን በልተን፣ መርቀን፣ ቅዳሜ ቤታችን ነበርን። ታደሰን ለብቻው ሳገኘው "እውነቱን ንገረው" አልኩት። "ምን ብዬ? ዋሽቼህ ነበር ልበለው?" አለኝ። እኔም አልደፈርኩም። ሳምንቱን ፉልና ምስር እየበላን፣ ነፊሳም ጾማችንን አክብራ ልጆቿን ሥጋ በፊታችን እንዳይበሉ እየከለከለች ከረምን። ቅዳሜ ሎሪው ሲሄድ በር ላይ ቆመን እጃችንን አውለበለብን። "ማክሰኞ ሌላ አለ" አለ ኡስማን።

ዝናቡ የጀመረው በዚያው ቅዳሜ ከሰዓት ነው። እሑድ ጠዋት ፀጉር አስተካካዩ ጃንጥላ ይዞ መጣ፤ ከጎንደር የመጣ ቀጭን ሰው ነው። በስመ አብ ብሎ አረደና እጁን እየታጠበ ወደ ታደሰ ጠጋ አለ። "ጋሼ፣ ይሄ ጾም ምን የሚባል ነው? በዓለ ሃምሳ አይደል እንዴ?" አለው በዝግታ። "ዝም በል ወንድሜ" አለው ታደሰ። ሁለቱም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ለብዙ ጊዜ የሳቅሁት የመጨረሻ ሳቅ ያ ነው። ሥጋው ቀረበ፣ ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ይወርዳል፣ የሚያወራ ሰው ድምፅ አይሰማም። ማክሰኞ ሎሪ አልመጣም። ሐሙስ አልመጣም። ኡስማን ከሹፌሮቹ ጋር ተነጋግሮ ሲመለስ ጀለብያው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ ነበር፣ መንገዱ መዘጋቱን ከዚያ ተረዳን።

ከዚያ በኋላ ያለው ቀን ሁሉ አንድ ቀን ነው የሚመስለኝ። ጠዋት ታደሰ ወደ ሎሪ ተራው ይሄዳል፣ ጭቃ ተሸክሞ ይመለሳል። እኔ በር ላይ ቆሜ ከሩቅ አረማመዱን አያለሁ። መጮህ አልችል፣ መሄድ አልችል፤ በእግሬ ልሂድ ብል መንገዱ ሁሉ ሐይቅ ሆኗል። ካርታ ላይ አሶሳና ዳማዚን ጣት ለጣት ናቸው። አሁን ልጄ ከዱባይ በሦስት አራት ሰዓት አዲስ አበባ ይገባል፤ እኔ ደመናውን እያየሁ፣ ያ ደመና ወደ ልጆቼ ሲሄድ እያየሁ፣ መከተል አቃተኝ። ነፊሳ ልጆች እንዳሉን ታውቃለች፣ ሕፃን ትተን መምጣታችንን ግን አታውቅም ነበር። እሷ እንግዳ አትጠይቅም፣ እኛም እንዳናስጨንቃቸው ብለን አልተናገርንም። አንድ ቀን ጡቴ ላይ የቀረችው ወተት ቀሚሴን አርጥባው አየችና ገባት። አጠገቤ ቁጭ ብላ ቶቧን አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች። ከዚያ ተነስታ ሰገደች፣ እኔም ከጎኗ ቆሜ አማተብኩ። ዛሬ ከዚያ በኩል ጦርነት እየሸሸ የሚመጣው ሰው አሶሳን ሞልቷታል። ገበያ ስወጣ ዕድሜዋ የገፋ፣ ብርቱካንማ የለበሰች ሴት ካየሁ ዞሬ ፊቷን አያለሁ። እስካሁን ነፊሳ ሆና አታውቅም፤ ያሉበትንም የሚነግረኝ አላገኘሁም።

አንድ በግመል መጥቶ ወንዝ ለወንዝ ዞሮ የገባ ነጋዴ አሶሳ ወባ ገብቷል ብሎ አወራ። ሕፃናትን ነው የሚይዘው አለ። ታደሰ በዚያኑ ሰዓት እጄን ይዞኝ ወደ ስልክ ቤቱ ወሰደኝ። ከዳማዚን አሶሳ ለመደወል መስመሩ መጀመሪያ ካርቱም ይሄዳል፣ ከካርቱም አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ደግሞ ወደ አሶሳ ይወርዳል፤ ለዚያች ለጎረቤት ከተማ አገር ይዞራል። ቁጭ ብለን ዋልን። በመጨረሻ የታደሰ መሥሪያ ቤት ተነሳ። ያነሳው ጋሽ ለማ ነው፣ የቢሮው አንጋፋ፣ ቤቱ ከኛ ቤት ማዶ። ታደሰ ሰላም ብሎ ትንሽ ካወራው በኋላ ስልኩን ነጠቅሁት።

"ጋሽ ለማ፣ ልጆቼስ?"

"ደህና ናቸው። ሁሉም ደህና ናቸው፣ ምንም አታስቡ።"

"ወባ ገብቷል ሲሉ ሰማን።"

"ተይው፣ ወሬ ነው። ተረጋግታችሁ ኑ። እኛ አለን።"

"ምሕረትስ?"

መስመሩ ውስጥ የዝናብ የመሰለ ድምፅ ብቻ ነበር። "ምሕረትም ደህና ነች" አለ።

"ድምፅዎ ምን ሆነ?"

"ጉንፋን ነው የኔ ልጅ" አለና መስመሩ ተቋረጠ።

ታደሰ ግንባሩን ጠርጎ "ተመስገን፣ ይኸው ደህና ናቸው" አለ። እኔ ግን ስልክ ቤቱ ደጃፍ ላይ ተቀመጥኩ። እኛ አገር ክፉ ነገር ለሩቅ ሰው አይነገርም፤ መርዶ በስልክ አይነገርም፣ በመንገድ ላይ አይነገርም። ሰውየው አገሩ ይገባል፣ እህል ይቀምሳል፣ ያርፋል፣ ሌሊቱን ይተኛል፣ ጎህ ሲቀድ ሽማግሌ ይሄድለታል። እስከዚያ ያለው ሁሉ ደህና ነው። እኔ ራሴ የታደሰ አባት የሞቱ ጊዜ ከጎጃም ተደውሎልኝ ሳምንት ሙሉ "ደህና ናቸው" እያልኩ አብሬው ስበላ ነበር። ታዲያ አሁን ማንን ልመን? ጋሽ ለማ "ትንሽ አሟታል" ቢለኝ አምነው ነበር። "ደህና ነች" ሲለኝ የሚቀረኝ ተስፋ የለም። ካርቱምና አዲስ አበባ ዞሮ የመጣው ያ ድምፅ የተቀበረ ነገር ይዟል፣ ሰምቼዋለሁ፤ ማንም ሌላ ቢለኝ አላምንም። "ተሳስተሻል" አለኝ ታደሰ። ማታ ግን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁት።

ዝናቡ ጋብ ያለ ሰሞን ኡስማን አንድ ትራክተር አፈላለገ፣ ከኋላው ተሳቢ የሚጎትት። ነፊሳ የዕቃ ጥቅል ሠርታ ሰጠችኝ፣ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ አልለቅ አለች። ትራክተሩ በየወንዙ እየቆመ፣ ወንዶቹ በገመድ እየጎተቱት፣ አንዳንዴ እኛ በእግራችን ቀድመነው፣ ኩርሙክ ገባን። የታደሰ ካኪ ሱሪ ከጭቃ በቀር ቀለም አልቀረለትም። ከኩርሙክ በጭነት መኪና አሶሳ ስንደርስ ቀትር ነበር። ጋሽ ለማ መኪና መቆሚያው ላይ ቆሟል፣ ማን እንደነገረው አላውቅም። ባርኔጣውን አወለቀ። "እንኳን ደህና ገባችሁ። መጀመሪያ እኛ ቤት ግቡ፣ ደክሟችኋል፣ እህል ቅመሱ" አለን። ይህን እንደሰማሁ ጥቅሉን በብብቴ እንደያዝኩ ሮጥኩ። ታደሰ ከኋላዬ ይጠራኛል። በገበያው መሃል፣ በሻይ ቤቱ አጠገብ፣ ጫማዬ አንዱ ጭቃ ውስጥ ቀርቶ ሮጥኩ።

ዳዊትና ሰናይት በር ላይ ነበሩ፣ ዘለው ተጠመጠሙብኝ። "ምሕረትስ?" አልኩ። ዳዊት ወደ ሐዋ ቤት አመለከተ። ገባሁ። ሐዋ ሰሌን ላይ ተቀምጣለች፣ ምሕረት ጭኗ ላይ ተኝታለች። ፀጉሯ ተላጭቷል፣ ፊቷ ቀጥኗል፣ አፏን ከፍታ ትተነፍሳለች። ትተነፍሳለች! ነጥቄ አቀፍኳት። እልል አልኩ፣ መሬቱን ሳምኩ፣ የሐዋን ጉልበት ሳምኩ፣ እንደ እብድ ሳቅሁ፣ "ተመስገን፣ ልጄ አለችልኝ፣ ልጄ አለችልኝ" እያልኩ በዚያች ጠባብ ቤት ውስጥ ተሽከረከርኩ። ታደሰም ደርሶ በሩ ላይ ቆሞ ያለቅሳል። ሐዋ ታየኛለች፣ ከንፈሯ ላይ ፈገግታ የመሰለ ነገር አለ። "አልሐምዱሊላህ" አለች። ትኩሳት ይዞት ነበር፣ ለቀቀው አለችኝ ስለ ምሕረት። እኔ ጥቅሉን ፈትቼ የነፊሳን ሽቶ ሰጠኋት፣ ሻይ ሰጠኋት፣ ከዚያ ለሙሳ ከዳማዚን የገዛሁለትን ነጭ ጀለብያ፣ የእጄን ርዝመት የማታክለውን፣ ጭኗ ላይ ዘረጋሁላት። "ሙሳ የት አለ? ጥሪልኝ፣ ልለካለት" አልኩ። ሐዋ ጀለብያዋን በመዳፏ አስተካክላ አጠፈቻት። "ወጥቷል" አለች። "አንተ መጀመሪያ እረፍ።"

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ በራችን ተንኳኳ። ጋሽ ለማ ነው፣ ከኋላው ሁለት ሽማግሌዎች፣ ነጠላቸውን የዘቀዘቁ የሰፈር ሴቶች። ዞሬ አልጋውን አየሁ፤ ሦስቱም ልጆቼ ተኝተዋል፣ ሦስቱም ይተነፍሳሉ። "እናቴ ናት?" አልኩ። ጋሽ ለማ አይደለም አለ። አስቀመጡኝና ነገሩኝ። ሁለቱን ሕፃናት ትኩሳቱ የያዛቸው በአንድ ቀን ነው። ሐዋ አንዱን በግራ፣ አንዷን በቀኝ አቅፋ ጤና ጣቢያ ወሰደቻቸው። አንድ ዓይነት መርፌ ተወጉ፣ አንድ ዓይነት መድኃኒት ጠጡ፣ አንድ ሰሌን ላይ አስተኛቻቸው። ምሕረትን ለቀቃት፣ ሙሳን አልለቀቀውም። እኛ የደወልን ቀን ጋሽ ለማ ስልኩን ያነሳው ከቀብር ተመልሶ ነው። ዳዊትና ሰናይትም አደራ ተብለው ነው ያልነገሩን። ልጆቼ ሁሉ ደህና ናቸው ያለኝ እውነቱን ነበር፤ ድምፁ ውስጥ የሰማሁትም እውነት ነበር።

እንዴት እንደሄድኩ አላውቅም፣ ሐዋ ቤት ነበርኩ። ያው ሰሌን ላይ ተቀምጣለች፣ ጀለብያዋ እንደታጠፈች አጠገቧ አለች። በዚህ ቤት ውስጥ ትናንት እልል ብያለሁ፣ ጨፍሬያለሁ፣ ያን ወደ ኋላ የሚመልስ ነገር የለም። ደስታዬን ላፍርበት ልጄ አለችኝ፤ ልደሰትበት እሷ ፊቴ ተቀምጣለች። "ሐዋዬ፣ ትናንት ለምን ዝም አልሽኝ?" አልኳት። "እንደዚያ ስሆን እያየሽ?"

"አንተ መንገደኛ ነው" አለች። "መንገደኛ መጀመሪያ ያርፋል።"

አለቀስኩ። እሷ እንባ አልነበራትም። እጇን ጀለብያዋ ላይ አሳርፋ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ተናገረች።

"ሙሳ ከሞተ በኋላ ሙሳ የት አለ ብሎ የሚጠይቅ ሰው የለም። ሁሉ ሰው ያውቃል። አንተ ብቻ አታውቅም ነበር። አንተ ሙሳ የት አለ ብለህ ጠየቅህ፣ እኔ ወጥቷል አልኩ። ከዚያ አንተ ሄደ፣ እኔ እስኪመሽ ድረስ፣ ወጥቷል፣ ይመጣል ብዬ ተቀመጥኩ።"